የማርኬቲንግ ተማሪው መግቢያ ጸሐፊ ብቻ እንዳይሆን፦ የቢዝነስና የምህንድስና ተማሪዎች የጋራ ፕሮጀክት

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ አስተምራለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ከሜካኒካል ምህንድስና ባልደረባዬ ጋር ተመካክረን የእኔን 3ኛ ዓመትና የእሱን 4ኛ ዓመት ተማሪዎች ቀላቅለን በጋራ ፕሮጀክት አሠራናቸው። በየቡድኑ አምስት የምህንድስናና ሁለት የማርኬቲንግ ተማሪዎች ነበሩ። ርዕሶቹ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማሻሻል፣ የበቆሎ መፈልፈያ፣ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያና የብሎኬት ማምረቻ ማሽን ናቸው። መጨረሻው አላማረም። የምህንድስናዎቹ «እነሱ መግቢያና ፓወርፖይንት ብቻ ነው የሠሩት» ይላሉ። የእኔዎቹ ደግሞ «ምን እየሠሩ እንደሆነ የነገሩን ዕቃው ካለቀ በኋላ ነው» ይላሉ። እርስ በርስ ማርክ ይሰጣጡ ስንል ሁሉም ለሁሉም አምስት ከአምስት ሞላ። የዲፓርትመንት ኃላፊዎቻችን ቢቀር ይሻላል እያሉ ነው። ይቀጥል ወይስ ይቅር? ከቀጠለስ ምን እናስተካክል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ይቀጥል እላለሁ፤ በነበረው መልኩ ግን አይቀጥል።

የዘረዘሯቸው አራቱም ርዕሶች ለአገር የሚጠቅሙ ናቸው። ነገር ግን አራቱም ለመሐንዲስ የተሰጡ ርዕሶች ናቸው። የእርስዎ ተማሪዎች ወደ ቡድኑ ሲገቡ ምን እንደሚሠራ ተወስኗል፤ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቁትም ሌሎቹ ናቸው። የተረፋቸው ሥራ የተወሰነውን ነገር ማሳመርና ማቅረብ ነው፤ እሱንም ሠርተዋል። መግቢያ የጻፉት በስንፍና እንዳይመስልዎት፤ ከመግቢያው ሌላ የሚጠብቃቸው ሥራ አልነበረም። የምህንድስናዎቹንም እንዲሁ በኩራት አልወቅሳቸውም፤ የተሰጣቸውን ጥያቄ ለመመለስ የማርኬቲንግ ተማሪ አላስፈለጋቸውም።

ስለዚህ ስለ ማርክም ስለ ስብሰባም ከማንሳቴ በፊት ርዕስ አወጣጡ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። የሁለት ሙያ ተማሪዎችን አብሮ የሚያሠራቸው በመካከላቸው የተቀመጠ ውሳኔ ነው። ያ ውሳኔ አንዱ ወገን ከሌላው ቁጥር ካላገኘ ሊወስነው የማይችል መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከሌለ የቱንም ያህል ስለ ቡድን መንፈስ ብታስተምሩ ሥራው ለሁለት ተከፍሎ ይሄድና በመጨረሻው ሌሊት አንድ ሰው ሁለቱን ፋይል ይለጥፋቸዋል።

ምጣዱን እንውሰድ። የሰጣችኋቸው ጥያቄ በአጭሩ «የኤሌክትሪክ ምጣድን የኃይል ብክነት ቀንሱ» የሚል ነው። የምህንድስና ተማሪው ይህን ብቻውን ይጨርሰዋል። የሸክላው ስፋት 60 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የሚስበው ኃይልም 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ሙቀቱ ወደ ሥርና ወደ ጎን እንደሚባክን ያሰላል፣ ከሥር የሙቀት መከላከያ ያስገባል፣ ሸክላውን ያሳሳል፣ ይለካል፣ ይጽፋል። የማርኬቲንጉ ተማሪ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ጥያቄውን እንዲህ ብንለውጠውስ? «ለአንድ ዓይነት ገዢ የሚሆን ምጣድ ንደፉ። ገዢው ማን እንደሆነ፣ መከላከያው ስንት ሴንቲሜትር እንደሚሆን፣ መሸጫው ስንት ብር እንደሆነ በአምስተኛው ሳምንት ወስናችሁ አምጡ።» ሦስት ጥያቄ ይመስላል እንጂ ውሳኔው አንድ ነው። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። በቤቷ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የምትጋግር እናት፣ ምጣዱ ሙሉ ጊዜውን በሙሉ ኃይሉ ይሠራል ብለን ብናስብ፣ በወር 56 ኪሎዋት ሰዓት ታጠፋለች። እንጀራ ጋግራ ለሱቅና ለምግብ ቤት የምታስረክብ ነጋዴ በቀን ስድስት ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብትሠራ በአንዱ ምጣድ ብቻ 546 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ተማሪዎቹ ብክነቱን ቀንሰው ጠቅላላ ፍጆታውን በ20 በመቶ አወረዱት እንበል። የቤቷ እናት በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ታተርፋለች፣ ነጋዴዋ 109። ዕቃውም መከላከያውም ያው ነው፤ የሚያስገኘው ትርፍ ግን ወደ አሥር እጥፍ ይለያያል። እንግዲህ መከላከያው ላይ ስንት ብር ይውጣ የሚለውን መሐንዲሱ ገዢው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ሊመልስ አይችልም። የማርኬቲንጉ ተማሪም «ወጪዎን በዚህን ያህል ወር ይመልስልዎታል» ብሎ ለመሸጥ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚተርፍ ከመሐንዲሱ መቀበል አለበት።

እዚህ ላይ የቢዝነሱ ልጅ ከባድ ሥራ ይጀምራል። የመብራት ታሪፉን ከራሷ ከደንበኛዋ ቢል ላይ አንብቦ ማምጣት አለበት። የቤት ታሪፍ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል ነው፤ ስለዚህ የምትቀንሰው ኪሎዋት ሰዓት የሚያተርፍላት ብር ፍጆታዋ ባለበት ደረጃ ይወሰናል። የንግድ ታሪፍ ሌላ ነው። ይህን ሳይለይ በአማካይ ያሰላ ተማሪ የተሳሳተ የመመለሻ ጊዜ ይዞ ይመጣል፤ መሐንዲሱም በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የተሳሳተ ውፍረት ይመርጣል። አንዱ ሲሳሳት ሌላውን ወዲያው ያመዋል። እኔ የምፈልገው ይህ መነካካት ነው።

ከዚያ ደግሞ ያልተጠበቀው ይመጣል። ጋጋሪዋን ቁጭ ብለው ሲያዳምጧት ስለ መብራት ሂሳብ ትንሽ ተናግራ ስለ ሸክላው መሰንጠቅ ብዙ ልታወራ ትችላለች፤ በተለይ የበዓል ዋዜማ ትእዛዝ ተደራርቦ እያለ ምጣድ ሲሰነጠቅ ምን እንደምታደርግ። ያን ጊዜ ጥሩው ምጣድ ሸክላው በአጭር ጊዜ ወጥቶ ሌላ የሚገባበት ምጣድ ሊሆን ነው። የማርኬቲንጉ ተማሪ መሐንዲሶቹ በሶሊድወርክስ (በኮምፒውተር የንድፍ ፕሮግራም) የሠሩትን ሥዕል የሚያስለውጥ መረጃ ይዞ መጣ ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በቡድኑ ውስጥ ያለው ቦታ ይለወጣል፤ እርስዎ ምንም መናገር አያስፈልግዎትም።

የበቆሎ መፈልፈያውም እንዲሁ ይከፈታል። ባለቤቱ እያንዳንዱ ገበሬ ነው? የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው? ወይስ ከቀበሌ ቀበሌ እያዞረ በኩንታል የሚያስከፍል ወጣት? ሦስተኛው ከሆነ ማሽኑ በባጃጅ ወይም በጋሪ መጫን አለበት፤ ክብደቱ፣ ሞተሩ፣ በሰዓት የሚፈለፍለው መጠን ሁሉ ከዚያ ይመነጫል። የፀሐይ ማሞቂያውን ለሆቴሎች አድርጋችሁ ብትገድቡት ይሠራል። የብሎኬት ማሽኑን ግን ባትደግሙት እመርጣለሁ። ገበያ ላይ ያለ ማሽን ስለሆነ ገልብጦ ማምጣት ይቀላል፣ የሚወሰንም ነገር ብዙም አይቀርበትም።

ውሳኔውን በወረቀት አስይዙት። እኔ የምጠቀምበት አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ ገዢው የሚፈልገው ነገር በራሱ አነጋገር ይጻፋል፣ ለምሳሌ «ቶሎ ይጋልልኝ»። በሁለተኛው ይህ በቁጥር ምን ማለት እንደሆነ፣ «ከቀዝቃዛ ተነሥቶ እስከ መጀመሪያው እንጀራ ከዚህን ያህል ደቂቃ አይበልጥም»። በሦስተኛው ይህን ለማሟላት የሚጨምረው ወጪ በብር። በአራተኛው ሁለት ፊርማ፣ አንዱ ከምህንድስና፣ አንዱ ከማርኬቲንግ። አንድ ሰው ያልፈረመበት መስመር እንዳልተወሰነ ይቆጠራል፣ ዕቃ መግዣ ገንዘብም አይለቀቅበትም። ከሰባት እስከ አሥር መስመር ይበቃል። ተማሪዎች በመጀመሪያ ሁለተኛውን ዓምድ ይዘሉታል፤ «ጥራት ያለው»፣ «ተመጣጣኝ ዋጋ» ብለው ይጽፋሉ። አይቀበሏቸው። ከ«ቶሎ» ወደ ደቂቃ የሚወስደው መንገድ ላይ ነው ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙት፤ እዚያ ላይ ሲከራከሩ ካዩ ኮርሱ እየሠራ ነው።

ይህን ያህል በወረቀት ማስገደድ ለምን አስፈለገ ቢሉኝ፣ ሰው በቡድን ሲቀመጥ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ደጋግሞ ያወራል፤ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ይውጠዋል። ጋሮልድ ስታሰር እና ዊልያም ታይተስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ይህን በሙከራ አሳይተዋል። አራት አራት ተማሪዎች ለተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ከቀረቡ ምናባዊ ዕጩዎች አንዱን እንዲመርጡ ተደረገ። ስለ ዕጩዎቹ ያለው መረጃ በሙሉ ለሁሉም ሲሰጥ አብዛኞቹ ቡድኖች የተሻለውን ዕጩ መረጡ። መረጃው ተከፋፍሎ ለየአባሉ ሲሰጥ ግን ቡድኑ ተሰብስቦ ቢወያይም አብዛኛው የተሻለውን ዕጩ ሳያገኘው ቀረ። ያወሩት አስቀድሞ በጋራ የያዙትን ነበር። እነዚህ አንድ ዓይነት ትምህርት ላይ ያሉ ልጆች ናቸው። ሙያው ሲለያይና በዚያ ላይ አንዱ ወገን ሌላውን በማዕረግ ከፍ አድርጎ ሲያየው ዝምታው ይብሳል።

ስለ ማዕረጉ በግልጽ እንነጋገር፤ ግቢ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋልና። በእኛ አገር ምህንድስና የሚገባው ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ነው። ሰባ በመቶውን ተማሪ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳውን ለማኅበራዊ ሳይንስ የመደበው ሰባ ሠላሳ የተባለው የቅበላ ምጣኔም ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ያንን አጠንክሮታል። በዚያ ላይ ተማሪዎቻችን የቡድን ሥራን የተማሩት በ«አንድ ለአምስት» ነው። አንድ ለአምስት ያው ሴክሽን፣ ያው ትምህርት ላይ ያሉ ልጆችን ጎበዙ ደከም ያለውን እንዲያግዝ ያደራጃል። ለፈተና ዝግጅት ሊጠቅም ይችላል። እርስዎ ወደ ያዙት ቡድን ሲመጣ ግን ያ ልማድ ያጠፋል። ጂፒኤው ከፍ ያለው መሪ ይሆናል፤ እሱም ብዙ ጊዜ የምህንድስናው ልጅ ነው፤ ሌሎቹ ረዳት ይሆናሉ። በሁለት ሙያ ቡድን ውስጥ በሁሉም ነገር የሚበልጥ ሰው የለም። ስለዚህ መሪነቱን በጊዜ ከፍላችሁ ስጡ። ገዢው ማን እንደሆነ እስኪወሰን ድረስ፣ ማለትም እስከ አምስተኛው ሳምንት፣ ቡድኑን የማርኬቲንግ ተማሪ ይምራ። ከዚያ በኋላ እስከ ሙከራው ምህንድስና። ሙከራው ገዢው ቤት ሲሄድ እንደገና ማርኬቲንግ።

የቡድኑ አወቃቀር አምስት ለሁለት መሆኑም ጎድቷችኋል። ሁለት ሰው በአምስት ፊት አስተያየቱን ለማቆየት ይቸገራል፤ ሰባት ሰው ደግሞ ለተማሪ ቡድን ይበዛል። ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ ለክቶ በ1913 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ፣ ጎታቾቹ በበዙ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ እያነሰ እንደሚሄድ፣ ስምንት ሲደርሱም እያንዳንዱ ብቻውን ከሚጎትተው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደሚጎትት አሳይቷል። ሦስት ለሦስት አድርጉት፤ ካልሞላላችሁ ሦስት ለሁለት። ቡድኑን እናንተ መድቡ፤ ለራሳቸው ከተተወ በዶርምና በአገር ልጅነት ነው የሚቀመጡት። በአንድ ቡድን ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን አታስቀምጡ። ባርባራ ኦክሌይ፣ ሪቻርድ ፌልደርና ባልደረቦቻቸው በ2004 እ.ኤ.አ. ለምህንድስና መምህራን በጻፉት ምክር ይህን በግልጽ ያነሳሉ፤ እኔም ብቻዋን የሆነችው ልጅ እየተደጋገመ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስትደረግ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሜዳው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱም ወገን አብረው ወደ ገዢው ይሂዱ። «አብረው» የሚለው ላይ ድርድር የለም። የቢዝነስ ተማሪ ለብቻው ከተላከ መጠይቅ በትኖ ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ በመቶኛ ይዞ ይመጣል። የምህንድስና ተማሪ ለብቻው ከተላከ ወርክሾፕ ገብቶ ይበይዳል። ሁለቱም የለመዱት መሸሸጊያ ነው፤ ሁለቱም ከሌላው ጋር ከመነጋገር ያድናል። መጠይቁን ለዚህ ኮርስ ከልክሉት። አራት ወይም አምስት ጋጋሪዎችን ቁጭ ብሎ ማየት ከመቶ መጠይቅ ይልቅ ለንድፍ ይጠቅማል። ክላምፕ ሜትሩን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያውን፣ የማርኬቲንጉ ልጅ ይያዘው፤ ሲጋገር የሚስበውን አምፔር በየአሥር ደቂቃው ይመዝግብ። ጥያቄውን የምህንድስናው ልጅ ይጠይቅ። ሲመለሱ እያንዳንዱ የሰማውን ለብቻው በግማሽ ገጽ ይጻፍና ከዚያ ያወዳድሩ። የሁለቱ ማስታወሻ ስለ አንድ ጋጋሪ የተጻፈ እስከማይመስል ድረስ ሊለያይ ይችላል፤ መሐንዲሱ ሽቦውንና ሶኬቱን ጽፏል፣ የማርኬቲንጉ ልጅ ልጇ እያገዘቻት እንደሆነና ጤፉን በዱቤ እንደምትወስድ ጽፏል። ዱቤው ዋጋውን ይወስናል፤ ምጣዱን በአንድ ጊዜ ከፍላ ልትገዛ አትችልም ማለት ነውና።

ለዲፓርትመንት ኃላፊዎቹ የምትሰጡት መልስ ደግሞ ይኸውላችሁ። ነገሩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ገና ከጅምሩ የጤና መኮንኖችን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በአንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ከሠለጠኑ በኋላ የሚሠሩትም እንደዚያው በቡድን ስለነበረ ነው። ያ አሠራር የቡድን ሥልጠና መርሐ ግብር በሚል ስም ጎንደርና ጅማ ላይ ቀጥሏል፤ የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲ፣ የላብራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ለሳምንታት አንድ ጤና ጣቢያ ላይ አብረው ይመደባሉ። የአካባቢ ጤና ተማሪው እዚያ ረዳት የማይሆነው ችግሩ ከአንድ የትምህርት ክፍል ሳይሆን ከሰፈሩ ስለሚመጣ ነው። ሰፈሩ ምንጩ ተበክሎ ልጆች ተቅማጥ ከያዛቸው መድኃኒት የሚያዘውም ምንጩን የሚያጎለብተውም እኩል ይፈለጋሉ። የጤናው ትምህርት ይህን ያህል ዘመን የያዘውን አሠራር የቢዝነስና የምህንድስና ትምህርታችን እስካሁን አለመውሰዱ ያሳዝነኛል፤ አንዳንዴ ሁለቱ ኮሌጆች በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው።

ከውጭ አገር ሁለት ብቻ ልጥቀስ። በፊንላንድ የሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የንግድ ትምህርት ቤቱና የሥነ ጥበብና ዲዛይን ዩኒቨርሲቲው በ2010 እ.ኤ.አ. ተዋሕደው አልቶ ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል፤ ከውሕደቱ ቀድሞ በ2008 የተከፈተው ዲዛይን ፋክተሪ የሦስቱ ተማሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት ቦታ ነው። እዚያ ያለው የምርት ልማት ኮርስ ከኩባንያ የመጣ ጥያቄ ይዞ የትምህርት ዓመቱን በሞላ ይሄዳል። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1995 የተጀመረው ኤፒክስ የተባለ መርሐ ግብር ደግሞ ፕሮጀክቱ ከሴሚስተሩ እንዲረዝም አድርጓል፤ ተማሪ ይገባል፣ ይወጣል፣ ሥራው ለሚቀጥለው ይተላለፋል፣ ጥያቄውም ከአካባቢው ድርጅቶች ይመጣል። ሕንጻውን ልንቀዳ አንችልም። ርክክቡን ግን መቅዳት እንችላለን። የዘንድሮው ቡድን የምጣዱን መለኪያና የጋጋሪዎቹን ማስታወሻ ለከርሞው ቡድን ቢያስረክብ የከርሞዎቹ ከሁለተኛው ሳምንት ሳይሆን ከስድስተኛው ይጀምራሉ።

ወደ ማርኩ ልምጣ። ሁሉም ለሁሉም አምስት ከአምስት መሙላቱ የሚጠበቅ ነው። አብሮት የሚያድረውን ልጅ በወረቀት ላይ «ሁለት ከአምስት» ብሎ ውጤቱን እንዲቀንስበት ነው የጠየቃችሁት፤ ይሉኝታ ያለው ሰው ይህን አያደርግም፣ ባያደርገውም አልፈርድበትም። ጥያቄውን ወደ ድርጊት ለውጡት። «እገሌ እንዴት ነው?» አትበሉ። «በተቀጠረበት ሰዓት ተገኝቷል? ያመጣው ሥራ ሌላ ሰው ደግሞ ሊሠራው አስፈልጓል? የሌላውን ሙያ ሥራ ለመረዳት ጠይቋል?» በሉ፤ ለእያንዳንዱ አምስት ደረጃ በድርጊት ተገልጾ ይቀመጥ። ፐርዱ ላይ የሚገኘው ካትሚ የተባለው የቡድን መመዘኛ ሥርዓት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ እናንተ በጉግል ፎርም ልትሠሩት ትችላላችሁ። በአምስተኛው ሳምንት ማርክ የሌለው ሙከራ አድርጉና ውጤቱን ለየግል ንገሯቸው። አብዛኛው የሰነፈ ልጅ በዚያ ጊዜ ይነቃል። ሌላ የምወደው አንድ ጥያቄ አለ፦ «በዚህ ሳምንት ከሌላው ዲፓርትመንት አባል የተማርከው አንድ ነገር ምንድን ነው? ከማን?» ይህ ማንንም አያስወቅስም፣ ይሉኝታም አይነካም። በሦስት ዙር ስሙ አንድም ጊዜ ያልተጠራውን ልጅ ግን ያሳያችኋል፤ እሱን ቢሮ ጠርታችሁ አነጋግሩት።

ይህን ምዘና ወደ ማርክ የሚለውጠው ስሌት ቀላል ነው። አባሉ ከጓደኞቹ ያገኘውን አማካይ ለቡድኑ አማካይ ታካፍሉና የቡድኑን ማርክ ታባዙበታላችሁ። የስድስት ልጆች አማካይ 4.5፣ 4.2፣ 4.0፣ 3.9፣ 3.8 እና 3.0 ቢሆን የቡድኑ አማካይ 3.9 ነው። የቡድን ሥራው ከተመደበለት 60 ነጥብ 48 ካገኘ፣ 3.0 ያገኘው ልጅ 0.77 ተባዝቶበት ወደ 37 ይወርዳል። 4.5 ያገኘችው በስሌቱ 1.15 ይደርሳታል፤ ላይኛውን ግን በ1.05 ገድቡት፣ 50 ገደማ ታገኛለች። ሳይገደብ ከቀረ ሥራ ጠቅልሎ ብቻውን የሚሠራ ጎበዝ ይሸለማል፤ እሱም እንደ ሰነፉ ሁሉ ቡድኑን ያፈርሳል።

ከ60ው ውስጥ 40 ለዕቃውና ለሪፖርቱ፣ 20 ለውሳኔው ወረቀት ይሁን። የቀረውን 40 በግል ስጡ፤ 15 ለሳምንታዊ ማስታወሻ፣ 25 ለቃል ፈተና። የቃል ፈተናው ላይ አጥብቄ አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱ ተማሪ የሚጠየቀው በሌላው ሙያ ይሁን። የማርኬቲንጓን ልጅ «መከላከያው ለምን አምስት ሴንቲሜትር ሆነ? ሦስት ቢሆን ምን ይጎድላል?» በሏት። የምህንድስናውን ልጅ «ጋጋሪዋ ይህን ዋጋ በስንት ወር ትመልሰዋለች? ታሪፉን ከየት አመጣችሁት?» በሉት። ይህን በመጀመሪያው ቀን ካሳወቃችኋቸው ሴሚስተሩን ሙሉ ዶርም ውስጥ ሳይቀር ሲያስረዳዱ ትሰማላችሁ። «ምን እየሠሩ እንደሆነ አልነገሩንም» የሚለው ስሞታ በአብዛኛው የሚጠፋው በዚህ ነው፤ ካልነገሯቸው የሚጎዳው የራሳቸው ማርክ ይሆናልና።

የጊዜ ሰሌዳውን በተመለከተ፣ በሁለቱም ሴክሽን ፕሮግራም ላይ የተጻፈ አንድ የጋራ ሁለት ሰዓት በሳምንት ያስፈልጋችኋል። «ተማሪዎቹ ራሳቸው ይገናኛሉ» ከተባለ አይገናኙም፤ ግቢዎቹ ከተራራቁ ደግሞ ፈጽሞ። የማርኬቲንጎቹን ከ3ኛ ዓመት መምረጣችሁ ትክክል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ስላለ ተመራቂ ተማሪ በመጨረሻው ሴሚስተር ልቡ እዚያ ላይ ነው። የምህንድስናዎቹ ለኢንተርንሺፕ የሚወጡበትን ሴሚስተር ብቻ ከባልደረባዎ ጋር አረጋግጡ።

ለእናንተ ለመምህራኑ የሚታሰበውን የክሬዲት ሰዓት ከአሁኑ በጽሑፍ አስወስኑ። ይህ ኮርስ ሁለት መምህር በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ ለአንዱ ብቻ ከታሰበ ሌላው ከጊዜ በኋላ መምጣቱን ያቆማል፣ ተማሪዎቹም የማን ትምህርት እንደሆነ ያኔ ይለዩታል። ማርኩንም ለየብቻ ሰጥታችሁ አወዳድሩ። ለአንድ ቡድን የሰጣችሁት ከአሥር ነጥብ በላይ ከተለያየ አማካዩን ወስዳችሁ አትለፉት፤ ተቀምጣችሁ ተከራከሩበት፣ ከተቻለ ተማሪዎቹ ባሉበት።

በሚቀጥለው ሴሚስተር በአራት ቡድን ብቻ ጀምሩ፤ ሁለቱ ምጣድ፣ ሁለቱ መፈልፈያ። ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት እርስዎና ባልደረባዎ ራሳችሁ ጥቂት ጋጋሪዎችንና አንድ የገበሬዎች ማኅበር አነጋግራችሁ ተማሪ እንዲመጣባቸው ፈቃዳቸውን ያዙ፣ ለሚያባክኑት ሰዓትም የሚከፈላቸውን ነገር በጀት ውስጥ አስገቡ።